ሥጋቱን ማን ይሸከማል? የንግድ መርከቦች ደኅንነት ከኤደን ባሕረ ሰላጤ እስከ ቀይ ባሕር

በጁላይ 2025 መጀመሪያ «ኢተርኒቲ ሲ» የተባለች የጭነት መርከብ በርበራ ወደብ ላይ የዓለም የምግብ ፕሮግራምን የእርዳታ ጭነት አራግፋ ወደ ሰሜን ጉዞዋን ቀጠለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በላይዋ 22 መርከበኞችና 3 የጥበቃ ሠራተኞች ነበሩ። ቀይ ባሕር እንደገባች የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች ከፈጣን ጀልባ በተተኮሰ አርፒጂና በድሮን እየደጋገሙ መቷት፤ በሦስተኛው ቀን ሰጠመች። አዳኞች በሕይወት ከውኃ ያወጡት 10 ሰው ነበር። ቢያንስ 4 ሰዎች ሞተዋል፤ ከቀሩት በርካቶቹን ሁቲዎቹ ይዘው ሄዱ። ከእርሷ አንድ ቀን ቀድማ የተመታችው «ማጂክ ሲስ»ም ሰጥማለች፤ የእርሷ 22 ሠራተኞች ግን በአጠገብ ታልፍ የነበረች ሌላ የንግድ መርከብ ደርሳላቸው ሁሉም ተርፈዋል።

ሁቲዎቹ «ኢተርኒቲ ሲ» ወደ እስራኤል እየሄደች ነበር አሉ። የባሕር ደኅንነት ተንታኞች የሰጡት ማብራሪያ ከዚህ ይለያል፤ መርከቧን ከሚያስተዳድረው ኩባንያ መርከቦች መካከል ሌሎቹ ቀደም ሲል ወደ እስራኤል ወደቦች ገብተው ስለነበር የኩባንያው መርከብ ሁሉ ዒላማ ሆኖ ነበር። በመርከቧ ላይ የነበሩት 21 ፊሊፒናውያንና አንድ ሩሲያዊ ወደ እስራኤል ወደቦች በመግባቱ ውሳኔ ውስጥ ምንም ድርሻ አልነበራቸውም። መርከቧ የት እንደምትሄድ፣ በየትኛው መንገድ እንደምታልፍና እህቶቿ የት እንዳራገፉ የወሰኑት በሌላ አገር ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

ከሶማሊያ የባሕር ላይ ውንብድና ዘመን ጀምሮ የመርከብ ኢንዱስትሪው ስለ ሥጋት አስተዳደር ብዙ ተምሯል። የተማረውን ስመለከተው ግን ግማሹ አደጋውን በእርግጥ የሚቀንስ፣ ግማሹ ደግሞ አደጋውን ከአንዱ ትከሻ አውርዶ በሌላው ላይ የሚጭን ሆኖ አገኘዋለሁ። ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ልዩነታቸው ይደበዝዛል።

የሶማሊያው ዘመን

ከ2008 እስከ 2011 ድረስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ይበልጥ የሚፈራ የንግድ መስመር አልነበረም። በሴፕቴምበር 2008 «ፋይና» የተባለች፣ 33 ቲ-72 ታንኮችን የጫነች የዩክሬን መርከብ ተጠለፈች። በኖቬምበር ደግሞ 2 ሚሊዮን በርሜል ያህል ድፍድፍ ነዳጅ የያዘችው የሳዑዲ ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ «ሲሪየስ ስታር» ከኬንያ ጠረፍ እጅግ ርቃ በምትጓዝበት ባሕር ተያዘች። የዓለም ባንክ በኋላ ባወጣው ጥናት መሠረት ከ2005 እስከ 2012 ለሶማሊያ ወንበዴዎች የተከፈለው የማስለቀቂያ ገንዘብ ከ339 እስከ 413 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን የሚወስደው ጀልባውንና መሣሪያውን የገዛው ባለገንዘብ ነበር። በጀልባ ወጥቶ ነፍሱን የሚሰጠው ወጣት ድርሻው ትንሽ ነው፤ በጥበቃ ላይ ሳለ በዱቤ የቃመው ጫት ሳይቀር ከገበያው በላይ ተተምኖ ይቆረጥበታል።

ይህ ውንብድና እንዴት ተገታ? የአውሮፓ ኅብረት የባሕር ኃይል ከዲሴምበር 2008 ጀምሮ «አታላንታ» በሚል ስም ዘመተ። የመጀመሪያ ሥራው የዓለም የምግብ ፕሮግራምን መርከቦች ማጀብ ነበር። ኔቶ፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ ጃፓንና ሌሎችም መጡ፤ በኤደን ባሕረ ሰላጤ መርከቦች ተሰባስበው የሚያልፉበት የተጠበቀ መተላለፊያ ተሰመረ። የጦር መርከብ ብቻውን ግን በቂ አልነበረም፤ ባሕሩ ሰፊ ነው፣ ወንበዴ ከታየበት ደቂቃ እስከ ወጣበት ያለው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ያን ግማሽ ሰዓት መግዛት የነበረባት ራሷ መርከቧ ናት።

በዚያ ዘመን ወደ አደገኛው ቀጠና የምትገባ የጭነት መርከብ መልኳ ይለወጥ ነበር። ዙሪያዋን በጥምዝምዝ ምላጭ ሽቦ ትታጠራለች። የእሳት ማጥፊያ የውኃ ቱቦዎች ወደ ጎን ተዘቅዝቀው ቀንና ሌሊት ኃይለኛ ውኃ ይረጫሉ፤ በመሰላል የሚወጣ ሰው በዚያ ውኃ ውስጥ ዓይኑን መግለጥ አይችልም። አሮጌ ቱታ በጨርቅ ተሞልቶ ሰው መስሎ በመርከቧ ጠርዝ መከታ ላይ ይቆማል፣ ከሩቅ ሲታይ ዘበኛው የበዛ እንዲመስል። ካፒቴኑ ሞተሩ የሚችለውን ያህል ያስሮጣል፤ ከ18 ኖት በላይ በምትሮጥ መርከብ ላይ ወንበዴ ወጣ የሚል ሪፖርት አልነበረም። ቀርፋፋና ከውኃው ብዙም ከፍ ያላለች መርከብ ግን አደጋ ላይ ናት።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የመጨረሻው ምሽግ መርከበኞች «ሲታዴል» የሚሉት ክፍል ነው። ብዙውን ጊዜ በሞተር ክፍል ወይም በመሪው ማሽን አካባቢ የሚዘጋጅ፣ ከውስጥ የሚቀረቀር፣ ውኃ፣ ምግብ፣ መድኃኒትና የሳተላይት ስልክ ያለበት ነው። ሠራተኛው ሁሉ እዚያ ይገባል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ወንበዴው ባዶና የማይንቀሳቀስ መርከብ ይታቀፋል። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው፤ ከበሩ ውጭ አንድ ሰው እንኳ ከቀረ ሲታዴሉ ዋጋ የለውም። ያ አንድ ሰው ማገቻ ይሆናል፣ የባሕር ኃይል ኮማንዶም መርከቧን ለማስለቀቅ አይወጣም። ልምምዱ ተደጋግሞ የሚደረገው ለዚህ ነው፤ የወጥ ቤት ረዳቱ ከካፒቴኑ እኩል መንገዱን በጨለማ ማወቅ አለበት።

የታጠቁ የግል ጠባቂዎችም ተጨመሩ። በሶማሊያው ዘመን እነርሱን የያዘች መርከብ ተጠለፈች ሲባል አልተሰማም። ይህም የራሱን ጉዳት አመጣ፤ በፌብሩዋሪ 2012 «ኤንሪካ ሌክሲ» በተባለች ነዳጅ ጫኝ ላይ ለጥበቃ የተሰማሩ የጣልያን ባሕር ኃይል ወታደሮች በኬረላ አቅራቢያ ሁለት ሕንዳውያን ዓሣ አጥማጆችን ወንበዴ ናቸው ብለው ተኩሰው ገደሉ። ጉዳዩ ሁለቱን መንግሥታት ለዓመታት ሲያካስስ ኖሯል።

እነዚህ የመከላከያ እርከኖች ተደራርበው ሠርተዋል፤ ይህ አደጋን በእርግጥ የቀነሰ ሥራ ስለሆነ ምስጋና ይገባዋል። ወንበዴው ግን ተገታ እንጂ አልጠፋም። የባሕር ኃይሎች ዓይን ወደ ቀይ ባሕር ሲዞር በዲሴምበር 2023 «ሩዌን»፣ በማርች 2024 የባንግላዴሿ «ኤምቪ አብዱላህ» ተጠልፈዋል። «ሩዌን»ን የሕንድ ባሕር ኃይል ከሦስት ወር በኋላ አስለቅቆ 35 ወንበዴዎችን ማርኳል።

ስለዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ንጽጽር አለ። «ሲሪየስ ስታር» በሁለት ወር ገደማ ተለቀቀች፤ ባለቤቷ ሀብታም ነበር፣ መድኗም የተሟላ። በማርች 2010 ከኤደን እንደወጣች የተያዘችው «አይስበርግ 1» ግን ባለቤቷ ዞር ብሎ አላያትም። የየመን፣ የሕንድ፣ የጋና፣ የሱዳን፣ የፓኪስታንና የፊሊፒንስ ተወላጆች የሆኑ መርከበኞቿ እስከ ዲሴምበር 2012፣ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ፣ ታግተው ቆዩ፤ በመጨረሻ ያስለቀቋቸው የፑንትላንድ ኃይሎች ናቸው። ወንበዴዎቹም ባሕሩም ለሁለቱ መርከቦች አንድ ዓይነት ነበሩ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የተወሰነው ጠለፋው ከመድረሱ በፊት፣ በመድን ውሉ ላይ ነው።

በወረቀት ላይ ያለ ጥበቃ

ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የዓለም የባሕር ድርጅት የመርከቦችና የወደቦች ደኅንነት ደንብ አወጣ፤ ከጁላይ 2004 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። እያንዳንዱ መርከብ የደኅንነት መኮንንና የጸደቀ ዕቅድ ሊኖረው፣ ሥጋቱም በሦስት ደረጃዎች ሊመዘን ይገባል። ወደብ ላይ ማንም እንዳሻው እንዳይገባና እንዳይወጣ በማድረግ ረገድ ደንቡ ጠቅሟል። ስውር ተሳፋሪንና አደንዛዥ ዕፅን ለመቆጣጠርም መሠረት ሆኗል። ለመርከበኛው ግን ወደብ ላይ ወርዶ ስልክ መደወልና አየር መቀበል ከዚያ ወዲህ ከብዶታል። ወራት በባሕር ላይ ያሳለፈ ሰው ከመርከብ እንዳይወርድ የሚከለከለው «ለደኅንነት» ተብሎ ነው፤ ይህ በደል ነው።

ሒሳቡ የተለወጠበት ጠባብ በር

በኖቬምበር 19 ቀን 2023 ሁቲዎች በሄሊኮፕተር ወርደው መኪና ጫኟን «ጋላክሲ ሊደር» ያዙ። 25ቱ መርከበኞች የተለቀቁት በጃንዋሪ 2025፣ ከ14 ወር በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ከ100 በላይ መርከቦች ተጠቅተዋል። በማርች 2024 «ትሩ ኮንፊደንስ» ላይ በተተኮሰ ሚሳኤል ሦስት መርከበኞች ሞቱ፤ በዚህ ዘመቻ የተገደሉ የመጀመሪያዎቹ መርከበኞች እነርሱ ናቸው። በጁን 2024 «ቱተር» ሰው በሌለበት ፈንጂ ጀልባ ተመትታ ሰጠመች።

በሶማሊያው ዘመን የተገነባው ዕውቀት አብዛኛው እዚህ ላይ ዋጋ አጣ። ሽቦም ሆነ የውኃ ቱቦ ሚሳኤልን አይመልስም፤ ከ18 ኖት በላይ መሮጥም ከድሮን አያስመልጥም። ወንበዴ መርከቧንና ሠራተኞቿን ለገንዘብ ስለሚፈልጋቸው በተቻለው መጠን ሳይጎዳ ይይዛቸዋል። ሁቲው የሚፈልገው ግን ዓለም የሚሰማው ፍንዳታ ነው። ስለዚህ የሥጋት ግምገማው ጥያቄ ተለወጠ። ቀድሞ የሚጠየቀው መርከቧ ምን ያህል ትሮጣለች፣ ከውኃ ምን ያህል ከፍ ትላለች የሚል ነበር። አሁን ግን ባለቤቷ ማን ነው፣ የተከራያት ማን ነው፣ ከዚያው ኩባንያ መርከቦች አንዷ ባለፈው ዓመት የት ወደብ ገብታለች የሚለው ይቀድማል። መርከቦች በመለያ ማሠራጫቸው ላይ በመድረሻ ወደብ ስም ቦታ «ሠራተኞቹ በሙሉ ቻይናውያን ናቸው» ወይም «ታጣቂ ጥበቃ አለ» የሚል መልእክት እየጻፉ ማለፍ ጀመሩ። መልእክቱን የሚያነብበው ሰው የያዘው የባለቤትነት መረጃ ያረጀ ከሆነ ግን፣ ባለፈው ዓመት የተሸጠች መርከብ በቀድሞ ባለቤቷ ምክንያት ልትመታ ትችላለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አስተማማኝ ሆኖ የቀረው መከላከያ አለመሄድ ነው። ትላልቆቹ የኮንቴይነር ኩባንያዎች ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪካ ጫፍ በኬፕ አዙረው ላኩ። ዙሩ ከእስያ ወደ አውሮፓ ለሚደረግ ጉዞ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨምራል። የስዊዝ ቦይ ገቢ በ2023 ከነበረበት 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ። አሜሪካና አጋሮቿ በዲሴምበር 2023፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ «አስፒደስ» በሚል ስም በፌብሩዋሪ 2024 የጦር መርከቦች አሰማሩ። ብዙ ሚሳኤልና ድሮን አክሽፈዋል። ትላልቆቹን ኩባንያዎች ግን ወደ ቀይ ባሕር ሊመልሱ አልቻሉም፤ አንድ የሚሳኤል ምት ከበቂ በላይ ስለሆነ ኩባንያዎቹ ትክክል ነበሩ እላለሁ።

ከመሄድ ያልቀረው መርከብ የከፈለውን በገንዘብ ማየት ይቻላል። የለንደን የመድን ገበያ የጦርነት ሥጋት ያለባቸውን ባሕሮች በዝርዝር ያወጣል፤ ወደ እነርሱ የሚገባ መርከብ ብዙውን ጊዜ ለሰባት ቀን የሚያገለግል ተጨማሪ አረቦን ይከፍላል። ከጥቃቱ በፊት የቀይ ባሕር አረቦን ከመርከቧ ዋጋ 0.05 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ ከ0.7 እስከ 1 በመቶ ደረሰ። ዋጋዋ 50 ሚሊዮን ዶላር ለሆነች መርከብ 25,000 ዶላር የነበረው የአንድ ጉዞ አረቦን ወደ 350,000፣ ከዚያም ወደ 500,000 ዶላር ወጣ ማለት ነው። ባለመርከቡ ይህን ከኪሱ አይከፍልም። በጭነት ዋጋ ላይ ይጨምረዋል፤ አስመጪው በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል፤ ሸማቹ ግን የሚያስተላልፍለት የለውም።

ባሕሩም ይከፍላል። «ሩቢማር» በፌብሩዋሪ 2024 ስትመታ 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ ጭና ነበር። ሠራተኞቿ ጥለዋት ከወጡ በኋላ መልሕቋን እየጎተተች ተንሳፈፈች፤ የቀይ ባሕርን ወለል ተከትለው የተዘረጉ የኢንተርኔት ገመዶች የተቆረጡት በዚሁ መልሕቅ ሳይሆን እንደማይቀር ተገምቷል። በማርች መጀመሪያ ማዳበሪያዋን እንደያዘች ሰጠመች።

በዓይን የማይታየው

በጁን 2017 «ኖትፔትያ» የተባለው ቫይረስ የዓለምን ትልቅ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክን መታ። መርከቦቹ አልተነኩም፤ የየትኛው ኮንቴይነር የማን እንደሆነ የሚያውቀው ሥርዓት ግን ጠፋ፣ በወደብ በር ላይ የተሰለፉትን የጭነት መኪናዎች ማስገባት አልተቻለም። ኩባንያው በ10 ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደገና ጫነ፤ ጉዳቱ ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። መረቡን መልሶ ለማቆም የግድ የሚያስፈልገው መረጃ በዓለም ዙሪያ ካሉ ቅጂዎች ሁሉ በአንድ ቦታ ብቻ ተርፎ ተገኘ። ያም ጋና ነበር፤ ጥቃቱ ሲደርስ የጋና ቢሮ መብራት ጠፍቶበት ስለነበር ማሽኑ ከመረቡ ተለያይቷል። ጥቃቱ ከመድረሱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የዓለም የባሕር ድርጅት የሳይበር ሥጋት ከ2021 ጀምሮ በመርከቦች የደኅንነት አስተዳደር ውስጥ እንዲካተት ወስኖ ነበር። የጂፒኤስ ማወክም በቀይ ባሕርና በሆርሙዝ አካባቢ የየቀን ነገር ሆኗል። በመስኮት አሻግሮ በዓይን የሚመለከት፣ በራዳር የሚያረጋግጥ መኮንን ዋጋ እንደገና ጨምሯል።

በዓይን የሚታየው ውንብድናም በየባሕሩ ይለያያል። የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ሌላ መልክ አለው፤ በዚያ መርከቡ ይተዋል፣ ሰው ይወሰዳል። በ2020 በመላው ዓለም ከመርከብ ላይ ከተጠለፉት 135 ሰዎች 130ዎቹ የተጠለፉት እዚያ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በእጅጉ ቀንሷል። በሲንጋፖር ወሽመጥ የሚበዛው ሌሊት ወጥቶ የሞተር መለዋወጫ የሚሰርቅ ሌባ ነው።

ከፋዩ

የሥጋት አስተዳደር መጻሕፍት ሥጋትን ሲያሰሉ ማጥቃት የሚችል ማን ነው፣ መርከቧ ምን ያህል ተጋላጭ ናት፣ ቢደርስ ምን ይጎዳል ብለው ይጠይቃሉ። የሚቀረውን ሥጋት ደግሞ ተቀበል፣ ቀንስ፣ አስተላልፍ ወይም ሽሽ ይላሉ። ይህ ስሌት የሚሠራው ለኩባንያው ነው። መርከቧ ብትሰጥም መድኑ ይተካታል፣ ጭነቱም መድን አለው። ለመርከበኛው ሕይወት የሚከፈለው ካሳ ግን እንደየውሉና መርከቧ እንደተመዘገበችበት አገር ባንዲራ ይለያያል፤ ማስተላለፍ የማይችለው ሥጋትም የራሱ ሕይወት ነው።

ለመርከበኛው የተደረገለት ነገር የለም ማለት አይደለም። የሠራተኛ ማኅበራትና ባለመርከቦች በዓለም አቀፍ ደረጃ በሚደራደሩበት መድረክ ደቡባዊው ቀይ ባሕር አደገኛ ቀጠና ተብሎ ተሰይሟል። በዚያ ስምምነት ሥር ባለች መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው አልሄድም የማለት መብት አለው። ኩባንያው በራሱ ወጪ ይመልሰዋል፤ ቢሄድ በቀጠናው ውስጥ ለሚያሳልፈው ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል፣ የሞትና የአካል ጉዳት ካሳውም እጥፍ ይሆናል። ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ማሻሻያ ደግሞ በወንበዴ የታገተ መርከበኛ ውሉ እንዳይቋረጥ፣ ደመወዙም እስኪለቀቅ ድረስ እንዲከፈል ያዛል። የ«አይስበርግ 1» ሰዎች በታገቱበት ጊዜ ይህ ማሻሻያ ገና አልነበረም። እነዚህ መብቶች ግን በሁሉም መርከብ ላይ የሉም፤ ስምምነቱን ባልፈረመ ባለቤት ወይም ቁጥጥር በሌለው ባንዲራ ሥር የሚሠራ ሰው አልሄድም ቢል ሥራውን ያጣል።

እኛን የሚመለከተው

የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ብዙ ሰው ቀይ ባሕር ሲታወክ ጅቡቲ የተዘጋች ይመስለዋል፤ ጅቡቲ ግን የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ ከሆነው ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ ስለሆነች ከቻይናና ከሕንድ የሚመጣ መርከብ ጠባቡን በር ሳያልፍ ይደርሳል። ችግሩ ከሰሜን በሚመጣው ላይ ነው። ከሞሮኮ የሚጫን ማዳበሪያ ወይ ቀይ ባሕርን ከላይ እስከ ታች ማቋረጥ፣ ወይ አፍሪካን መዞር አለበት። ከምሥራቅ የሚመጣውም ቢሆን የኤደን ባሕረ ሰላጤ በመድን ገበያው ዝርዝር ውስጥ ስላለ ከአረቦኑ አያመልጥም። የወደብ ባለቤት ያልሆነ አገር በዚህ ስሌት ውስጥ ወሳኝ ድምፅ የለውም፤ ሒሳቡ ግን ወደ እርሱ ይመጣል።

ኢትዮጵያ ዳር ቆማ ብቻ አትመለከትም። በጃንዋሪ 2009 በጅቡቲ የተፈረመውን የባሕር ላይ ውንብድናን የመከላከል የሥነ ምግባር ደንብ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ሆና ተቀብላለች። የራሷ መርከቦች አሏት፤ ከ2012 ጀምሮ ዘጠኝ አዳዲስ መርከቦችን በቻይና አስገንብታለች። በባሕር ዳርና በቢሾፍቱ የሠለጠኑ ወጣቶች ደግሞ በመሐንዲስነትና በኤሌክትሪክ ባለሙያነት በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ይሠራሉ። ስለ ውጭ ምንዛሪው ብዙ ይነገራል፤ ስለሚያልፉበት ባሕር ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

መንግሥት ሊያደርግ የሚችለው ከባድ አይደለም። ወጣት መርከበኛን ወደ ውጭ የሚልክ ወኪል ሁሉ የሚልክበት መርከብ የሠራተኛ ስምምነት ያላት መሆኗን በጽሑፍ እንዲያሳይ ማስገደድ፣ በአደገኛ ቀጠና አልሄድም ያለ ልጅ በቀጣዩ ምደባ እንዳይቀጣ መጠበቅ፣ የራሳችን መርከቦች የሚከፍሉትን የጦርነት አረቦንም ለሕዝብ ማሳወቅ ይችላል። ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ የመርከብ ውል ሊፈርም ከሆነ ደግሞ ስለ ደመወዙ ከማውራታችሁ በፊት መርከቧ በየትኛው ባንዲራ እንደምትጓዝና የባለቤቷን ኩባንያ ሌሎች መርከቦች መድረሻ እንዲጠይቅ፣ ወደ ጦርነት ቀጠና አልሄድም የማለት መብቱ በውሉ ላይ በግልጽ እንዲጻፍለት ንገሩት። ካልተጻፈለት አይፈርም።